ቅቤ የተቀባ ብረት

ሆሳዕና፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐዳሳ፣ ኮሪያ ለሚባል አገር፤

ሰላምታዬ እንደ ሐዲያ አዲስ ዓመት፣ እንደ ያሆዴ በዓል እንግዳ ነው፤ አንዱ በር ሲዘጋበት በሌላው ይገባል፤ እንዳመጣጡ ተቀበይው። ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። የማይታዘዘኝ ጉልበቴ ብቻ ነው። ልትሰናበቺኝ ሆሳዕና መጥተሽ ስትመለሺ አንቺን ልሸኝ መናኸሪያ ያልመጣሁትም በዚሁ ጉልበት የተነሳ መሆኑን ነግሬሻለሁ። አንቺ ይቅር ብለሽው ይሆናል፤ እኔ ግን ገና አልማርኩትም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሰው አላስቀምጥ ብሎኛል። "የእህትህ የገነቴ የልጅ ልጅ ምን ልትማር ነው ባሕር የተሻገረችው?" ይሉኛል። "ነፋስ" እላለሁ። ይስቃሉ። ወልደ ማርያም፣ ያ ሠላሳ አንድ ዓመት በወፍጮ ቤቱ የሠራሁለት የፎንቆው ሰውዬ፣ "ነፋስ ለመማር ኮሪያ ድረስ? ፎንቆ ላይ ነፋስ ጠፍቶ ነው? ስንዴ ወቅተን በምናዘራበት ወር መጥታ አውድማው ላይ ትቁም፤ በአንድ ቀን ትመረቃለች" አለኝ። መልስ አጣሁ። እኔ ሽብሩ መልስ አጣሁ! ገበያው ሁሉ እንደ በዓል አከበረው።

ስለዚህ ምን እንደምትማሪ በልጅ ቋንቋ ጻፊልኝ። ስልክ አትደውይ፤ ጆሮዬ የሚሰማው ፊቱ የቆመውን ሰው ብቻ ነው፣ እሱንም መርጦ። እንዳለፈው በትርፊት በኩል ይሁን፤ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጉራጌዋ። እኔ በወረቀት እጽፋለሁ፣ እሷ በስልኳ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትልክልሻለች፤ ያንቺን ደግሞ አትማ ትሰጠኛለች። "እኔ የሰው ደብዳቤ አላነብም" ትላለች። ይህን የምትለው አንብባ ስትጨርስ ነው። (ትርፊት፣ ይህችንም አነበብሻት።)

ፈትሁዲን የሚባል መምህር ለትምህርት ወደዚያው ይመጣል። አንድ ጠርሙስ የያሆዴ ቅቤ ሰጥቼዋለሁ፤ ተነጥሮ ኮረሪማ የገባበት ነው። መንገድ ላይ በዳቦ እንዳይበላው ክዳኑን እኔው በማስቲሽ አሽጌዋለሁ።

አያትሽ ሽብሩ


ዴጆን፣ ጥቅምት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ሽብሩ፤

ጤናዎ እንደ ቀልድዎ አይጉደል፤ የጌታ ሰላም በቤትዎ ይሁን። ቅቤው ደርሶልኛል። ማስቲሹን ስልጥ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ስከፍተው ኮሪደሩ ሁሉ ሸተተና ጎረቤቴ በሬን አንኳኩታ "የሚቃጠል ነገር አለ?" አለችኝ።

ጉልበትዎን ይቅር ብዬዋለሁ። ብቻ አውቶቡሱ እስኪነሳ ድረስ መስኮቱን አልዘጋሁም ነበር።

ለአቶ ወልደ ማርያም እንዲህ ይበሏቸው። የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ብዙ ትንንሽ ጥምዝ ክንፎች አሉ፤ ብሌድ እንላቸዋለን። ክብ ሠርተው ተደርድረው እንደ ውሃ ወፍጮ ይሽከረከራሉ፤ የሚያሽከረክራቸው ግን ውሃ ሳይሆን የነደደ ጋዝ ነው። እኔ የማጠናው የብሌዱን ቆዳ ታክኮ የሚያልፈውን አየር ነው፤ ውፍረቱ ከጥፍር አይበልጥም። ኩራዝ ሲጠፋ ጭሱን አይተውት ያውቃሉ? መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል። ክንድ ያህል እንደሄደ ግን ማንም ሳይነካው ይጥመለመላል፣ ይጠቀለላል፣ ይበታተናል። ብሌዱ ላይም እንደዚያው ነው። አየሩ ሲጀምር ሽፋን በሽፋን፣ በሥርዓት ይንሸራተታል። ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ይታወካል። የት ላይ? ለምን እዚያ ላይ? ሰው ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠይቀው የኖረ ጥያቄ ነው፤ እኔም ከጠያቂዎቹ አንዷ ነኝ።

የሚገርምዎት ግን ሥርዓተኛው አየር ሁልጊዜ ጥሩ አይደለም። የብሌዱ ጀርባ ጉብ ያለ ነው። አየሩ ጉብታውን አልፎ ሲወርድ፣ ሥርዓተኛው ጉልበት ያጥረውና ከብሌዱ ተላቆ ይወድቃል። ያን ጊዜ ሞተሩ ነዳጅ በከንቱ ይበላል። የታወከው ግን ከበላዩ ካለው ፈጣን አየር ጉልበት እየወሰደ፣ ተጣብቆ እስከ መጨረሻው ይወርዳል።

እኔ የራሴን ብሌድ ነድፌአለሁ። ምንም ሳይጨመርበት፣ በቅርጹ ብቻ አየሩን ይዞ እንዲያወርድ ነው ሐሳቤ። በኅዳር ተሠርቶ ይመጣል። እስከ ሰኔ በፈተና ካላሳየሁ ጥናቴን የሚመሩት ፕሮፌሰር ሃን ቦታዬን ለሌላ ተማሪ ይሰጡታል። ሦስት ዓመቴ ነው አባባ። ከዚህ ብሌድ ሌላ የያዝኩት ነገር የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በእኛ ወግ አዲስ ዕቃ ሥራ ሲጀምር የሚደረግ ነገር አለ? አዳማ ስላደግሁ ምንም አላውቅም። እማማ ገነቴ ብትኖር እሷን እጠይቃት ነበር።

ልጅዎ ሐዳሳ


ሆሳዕና፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለነፋስ ጠባቂዋ ለሐዳሳ፤

ሰላምታዬን ከታች ታገኚዋለሽ፤ መጀመሪያ ልሳቅ። ደብዳቤሽን ለወልደ ማርያም አነበብኩለት። "ሥርዓተኛው ይወድቃል፣ በጥባጩ ተጣብቆ ይቀራል" ስለው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ "አሃ! አንተ እስካሁን ያልወደቅከው ለዚህ ነዋ!" አለኝ። በሰባ ስምንት ዓመቴ ሳይንስ እንዲህ ከጎኔ ቆሞ አያውቅም።

ስለ ወጉ ለጠየቅሽው፣ አለ እንጂ፣ እንዴት አይኖርም! ጥሩ አድርገሽ ያዢው። አዲስ ብረት ሥራ ሲጀምር ግንባሩ በቅቤ ይቀባል። በቀኝ አውራ ጣት ነው፤ በግራ ከተቀባ ብረቱ ያኮርፋል። ቦታው ላይ ከተተከለ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይሆንም። ቀቢው ምሳ ያልበላ መሆን አለበት፤ ሌላ ሰውም አያይም። ከዚያ በታላቅ ዘመድ ስም ይሰየማል፣ በሹክሹክታ። ሲያበቃ ማንም እንዳይጠርገው፤ ብረቱ ራሱ ቀስ ብሎ ይጠጣዋል። ይህን ሁሉ ለወንጌላዊ ዕንባቆም እንዳትነግሪብኝ፤ እሑድ ስብከቱ በእኔ ላይ ይሆናል።

ትርፊት የዚህን ደብዳቤ የፊተኛውን ገጽ ፎቶ ስታነሳ እጇ ይንቀጠቀጣል። "ምነው?" ብላት "ብርድ ነው" አለችኝ።

ጌታ ሥራሽን ይባርክ። ሰላምታው ይኸው፣ ደረሰ።

አያትሽ ሽብሩ


ዴጆን፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ሽብሩ፤

እንዴት ነዎት? ሦስት ወር ሙሉ ስላልጻፍኩ ይቅር ይበሉኝ። ክብር ለጌታ ይሁን! የምጽፈውን ራሴም አላመንኩትም።

ሰባት ብሌዶች ጎን ለጎን ተተክለው ከፊታቸው ቀዝቃዛ ነፋስ እንለቅባቸዋለን። የምንለካው መካከለኛውን ነው። ኮምፒውተሩ ቅርጼ ትንሽ እንደሚረዳ፣ ብዙ እንዳልጠብቅ ነበር የነገረኝ። ነፋሱን ለቀቅነው። አየሩ አልወደቀም! ጉብታውን አለፈና ተጣብቆ እስከ ጫፍ ወረደ። ብክነቱ በአንድ አምስተኛ ቀነሰ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ አስቆምኩት። ደገምነው፤ ያው። ዘጠኝ ጊዜ ደገምነው፤ ዘጠኝ ጊዜ ያው። ፕሮፌሰር ሃን ከወንበራቸው ተነሱ። አባባ፣ ፕሮፌሰር ሃን እሳት ቢነሳ እንኳ አይነሱም። "ኮምፒውተሩ እንዲህ አላለም እኮ" ስላቸው "እንግዲያው የተሳሳተው ኮምፒውተሩ ነው" አሉ።

ሰኔ 2 ቀን ሴኡል ላይ ትልቅ ጉባኤ አለ፤ ከብዙ አገር የሞተር ሰዎች ይመጣሉ። እኔ ነኝ የማቀርበው።

እንዳሉኝ አድርጌአለሁ። ነፋሱ ሳይለቀቅ፣ ሰው ሁሉ ምሳ በወጣበት፣ መካከለኛውን በቀኝ አውራ ጣቴ። ስሙንም ሽብሩ አልኩት።

ልጅዎ ሐዳሳ


ሆሳዕና፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዳሳ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደስ ብሎኛል፤ ጌታ ይመስገን። ለወልደ ማርያም ነገርኩት፤ ሳያሾፍብኝ እጄን ጨበጠኝ፤ ይህም ከሱ ሲመጣ ምስክርነት ነው።

ደብዳቤሽ ላይ ከላይ በኩል ግራጫ ጥላ ጥሎበታል። እዚያ ዝናብ ነው እንዴ?

የቀባሽውን ነገር... ተይው፣ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ዛሬ ጉልበቴ አላስቀምጥ ብሎኛል።

አያትሽ ሽብሩ


ዴጆን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ሽብሩ፤

ሰላምዎ ይብዛ፤ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። "ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ" ካሉኝ ሁለት ወር አለፈ። ጉልበትዎ እጅዎንም ያዘው እንዴ?

ለጉባኤው እየተዘጋጀሁ ነው። ፕሮፌሰር ሃን ብሌዱን ለምን "ሽብሩ" እንደምለው ጠየቁኝ። የአያቴ ስም ነው አልኳቸው። "ሺ-ቡ-ሩ" እያሉ ይለማመዱታል። ንግግሬን በሐዲያ ወግ ልጀምር አስቤአለሁ፤ ሕዝቤ አዲስ ብረት ሥራ ሲጀምር እንዴት እንደሚያከብረው፣ በሦስት ዐረፍተ ነገር። መቀባቴን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ እዚያው መድረክ ላይ ነው የምገልጠው። ስለዚህ የወጉን ስም በሐዲይኛ ይጻፉልኝ። በስህተት ጠርቼው ሽማግሌዎቹን ማሳፈር አልፈልግም።

ልጅዎ ሐዳሳ


ሆሳዕና፣ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዳሳ፤

ሰላም እልሻለሁ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ያ ወግ ስም የለውም። ስም የሌለው ወጉ ራሱ ስለሌለ ነው። ትርፊት ሱቅ በር ላይ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ የፈጠርኩት ነው። አውራ ጣቱም፣ ምሳውም፣ ሹክሹክታውም የኔ ነው። በእኛ ዘንድ ቅቤ በሰው ራስ ላይ ነው የሚደረገው፤ ሰው ሲከበር፣ ሙሽራ ስትመጣ። ብረት ሲቀባ አይቼ አላውቅም።

"አባባ ደግሞ ጀመሩ" ብለሽ ትስቂያለሽ ብዬ ነበር። ትርፊትም ስቃ የተንቀጠቀጠች መስሎኝ ነበር። በጥር ደብዳቤሽ "እንዳሉኝ አድርጌአለሁ" የምትለውን ሳነብ ደነገጥኩ። በየካቲት ልነግርሽ ተነስቼ ደስታሽን አየሁና ብዕሩ እምቢ አለኝ። አሁን ግን ከዓለም በተሰበሰበ ሊቅ ፊት ቆመሽ የኔን ቀልድ የሕዝብሽ ወግ ነው ብለሽ ልትናገሪ ነው። እኔ ብዙ ሰው አሞኝቻለሁ። ሐዲያን በሙሉ ግን አሞኝቼ አላውቅም።

ሌላም የከነከነኝ ነገር አለ። ወፍጮ ቤት ሳለሁ፣ ሞተሩን ከድንጋዩ ጋር በሚያገናኘው ቺንጋ ላይ አንድ ቀን የምስር ፍሬ የምታህል የሞተር ቅባት፣ ግራሶ፣ ነካችው። ምን ታመጣለች ብዬ ተውኳት። በሳምንቱ ዱቄቱ ተለጥፎባት፣ ደርቆ፣ ጠጠር ሆነ፤ ቺንጋው እየዘለለ ሁለት ኩንታል እህል እንደ ሽሮ እና እንደ ክክ አድርጎ ደባለቀብኝ። ቅባት ያለበት ቦታ አቧራ ይቀመጣል። አንቺ ደግሞ የምትለኪው ከጥፍር የሳሳ አየር ነው አልሽኝ።

ልጄ፣ ከቀባሽው በኋላ አጠብሽው ወይ?

አያትሽ ሽብሩ


ዴጆን፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባ፤

አላጠብኩትም። አትጥረጊው ብለውኝ ነበር።

ዛሬ በማጉያ መነጽር አየሁት። ግንባሩ ላይ፣ ነፋሱ ቀድሞ በሚያገኘው ጠርዝ፣ የአውራ ጣቴ አሻራ አለ። መስመሮቹ ይቆጠራሉ። አቧራ ለብሶ ደርቋል። መሐሉ ላይ የኮረሪማ ቅንጣት ተቀምጣለች።

ጉባኤው ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል። እስካሁን ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም።

ሐዳሳ


ሆሳዕና፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዳሳ፤

ሰላም እንዳልልሽ ሰላምሽን የወሰድኩት እኔ ነኝ።

"ማንም አያውቅም" የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። ትርፊት "ኧረ ትጠበውና ዝም ትበል! ማን ያያታል?" አለች። ከዚያ "አላነበብኩም እኮ" አለች። ውሸት ብመክርሽ ማንም አይገረምም፤ ሙያዬ ነው። ግን የኔ ውሸት ሰው ያስቃል፣ ሲያስቅም ያልቃል። ይህኛው ላይ ሰው ይሳፈርበታል። አንቺ ያልሽውን ቁጥር አምኖ ብሌድ የሚቆርጥ፣ ሞተር የሚገጥም አለ።

ሄደሽ ንገሪያቸው። "አንድ የጃጀ ዘመድ አሳስቶኝ ነው" በያቸው፤ ስሜን ጥሪ፤ ማኅተም ከፈለጉም የቀበሌውን አስመትቼ እልካለሁ። ብቻ "መልሺልኝ" እያልኩ እንድለምንሽ አታድርጊኝ፤ መልሺልኝ።

ሽብሩ


ሆሳዕና፣ ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዳሳ፤

ጉባኤው ካለፈ ሁለት ሳምንት ከሦስት ቀን ሆነው። ትርፊት ሱቅ በቀን ሁለት ጊዜ እሄዳለሁ። "ጉልበትዎ ዳነ እንዴ?" አለችኝ። "ደብዳቤ መጣ?" አልኳት።

ባዶ ወረቀትም ቢሆን ላኪ።

ሽብሩ


ዴጆን፣ ሐምሌ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አባባ ሽብሩ፤

የጌታ ሰላም ከእርስዎ ጋር ይሁን። ዝም ያልኩት ተቆጥቼ ብቻ አይደለም። የምጽፈው ነገር ገና እየሆነ ስለነበር ነው።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት ብሌዱን በሣጥን ይዤ ፕሮፌሰር ሃን ቢሮ ገባሁ። በማጉያው ረጅም ጊዜ አዩት። ቀና ሳይሉ፣

"ይህ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ቅቤ ነው።"

"ምን?"

"ቅቤ። ከአያቴ የመጣ።"

"ብሌዱ ላይ ምን ያደርጋል?"

"ባርኬበት ነው።"

ቀና አሉና ፊቴን አዩት። የሰው ፊት እንደዚያ ሲሆን አይቼ አላውቅም። ለመቆጣትም ለመሳቅም የሚሆን ቃል የፈለጉ፣ ያጡ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ተነስተው አልኮልና ጥጥ አመጡ። "እጠቢው" አሉኝ። አጠብኩት። ነፋሱን ለቀቅነው።

አየሩ ወደቀ አባባ። እንደ ማንኛውም ተራ ብሌድ፣ ጉብታውን እንዳለፈ ወደቀ። ኮምፒውተሩ ትክክል ነበር። ሦስት ዓመት የነደፍኩት ቅርጽ ምንም አልሠራም፤ የሠራው አውራ ጣቴ ነው። ግንባሩ ላይ የደረቀው አሻራ አየሩን ቀድሞ አውኮታል፤ የታወከው አየር ደግሞ ጉብታው ላይ ሲደርስ ተጣበቀ። ከፀጉር የማይወፍር ቅቤ! ይህም አዲስ ነገር ቢሆን ምን ነበረበት። አዲስ አይደለም። ግንባሩን አሻክሮ አየሩን ማወክ እኔ ሳልወለድ የታወቀ ነው፤ ሰዎች በቀጭን ሽቦ፣ በአሸዋ ወረቀት ሞክረውታል። በቅቤ የሞከረ ግን የለም።

ጽሑፌን ከጉባኤው አወጣነው። ምክንያቱን ለአዘጋጆቹ የጻፉት ራሳቸው ናቸው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። "ቅቤ" የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፈው አጠፉት፤ እንደገና ጻፉት፤ እንደገና አጠፉት። በመጨረሻ ጣታቸው ላይ ተንፍሰው ጻፉትና ላኩት።

ከዚያ በኋላ አላነጋገሩኝም። የጉባኤው ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ ብቻዬን መሬት ስጠርግ ዋልኩ። ልብሴን በሻንጣ ከተትኩ። መጽሐፎቼን ለፈትሁዲን ሰጠሁት። ሰኔ አለቀ፤ "ሂጂ" የሚለኝ ወረቀት ግን አልመጣም። ሐምሌ ገባ።

ባለፈው ሳምንት ጠሩኝ። ወረቀትና ወፍራም እስክሪብቶ ሰጡኝና "ይህን በቋንቋሽ ጻፊ" አሉኝ። ጻፍኩ። በኮሪያኛ፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ አሠርተው የላቦራቶሪው በር ላይ ለጠፉት፤ "ቅቤ ይዞ መግባት ክልክል ነው" ይላል። ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬአለሁ።

እኔም ቆሜ አየሁት። በዚህ ሕንፃ ውስጥ ከእኔ በቀር አማርኛ የሚያነብ የለም። ለሚሄድ ሰው ደግሞ ማስታወቂያ አይለጠፍም።

እስከ ጥር ጊዜ ሰጥተውኛል። አዲስ ቅርጽ፣ ከዜሮ። ይሳካ አይሳካ አላውቅም።

አሁን የማልደብቅዎት። እንዴት አመንሽኝ ብለው ይገረማሉ። የሚያስደነግጠኝ መገረምዎ ነው። አባቴ ከሆሳዕና የወጣው በስድስት ዓመቱ ነው፤ እማማ ገነቴ አረፈች። ስለ ወገኖቼ የማውቀው ሁሉ እርስዎ የጻፉልኝ ነው። እርስዎ ቅቤ ለብረት ነው ካሉኝ፣ ለእኔ ቅቤ ለብረት ነው። ሌላ የማመሳክረው ሰው የለኝም። ወልደ ማርያም ሲያሾፉ ያውቁብዎታል፤ ፊትዎን ያያሉና። እኔ የማየው ፎቶ የተነሳ ወረቀት ነው። የትኛው ቀልድ፣ የትኛው እውነት እንደሆነ በምን ልለየው?

ልጅዎ ሐዳሳ


ሆሳዕና፣ ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሐዳሳ፤

ሰላምታዬ ዛሬ ኮፍያውን አውልቆ፣ በሩ ላይ ቆሞ "ልግባ?" ይላል።

ደብዳቤሽን ከትርፊት ተቀብዬ እዚያው በርጩማው ላይ አነበብኩት። ስጨርስ የበሩን ማስታወቂያ ፎቶ አየሁ። ኮሪያኛው ይነበባል፣ ማለቴ ለኮሪያ ሰው። እንግሊዝኛውም ይታያል። አማርኛው ላይ ግን ያ ግራጫ ጥላ አርፎበታል፤ "ክልክል ነው" የሚለው ብቻ ቀርቷል። ከጥር ጀምሮ ደብዳቤዎችሽ ሁሉ እንዲህ ነበሩ፤ እኔ የኮሪያ አየር ነው ብዬ ነበር።

"ትርፊት፣ ይህ ጥላ ምንድን ነው?" አልኳት።

"አላውቅም አባባ። አዲሱ ማተሚያ ነው። ከገዛሁት ጀምሮ እንዲህ ነው።"

"መቼ ገዛሽው?"

"ጥር ላይ።"

ከበርጩማው ተነሳሁ። "ትርፊት፣" አልኳት፣ "ያን ማሽን ምን አድርገሽዋል?"

ሻሿን ማስተካከል ጀመረች።

"ቀባሽው?"

"ትንሽ ነው።"

"የቱ ላይ?"

"ወረቀቱን የሚጎትተው ብረት ላይ። ግንባሩ የቱ እንደሆነ ስላላወቅሁ።"

"በየትኛው እጅ?"

"በቀኝ ነው እንጂ! አውራ ጣት።"

"ምሳ በልተሽ ነበር?"

"ኧረ አልበላሁም፣ አባባ! እንዳሉት ነው ያደረግሁት። ስሙንም በባሌ እናት ሰይሜዋለሁ፤ ከዘመድ ታላቋ እሳቸው ናቸው። ቀልድ መሆኑን ሳነብ ልጠርገው ሞክሬ ነበር፤ ውስጥ ገብቷል።"

"ያን ደብዳቤ ስታነሺ እጅሽ ሲንቀጠቀጥ የሳቅሽ መስሎኝ ነበር እኮ!"

"ብርድ ነው ብዬ ነገርኩዎት እኮ!"

ልጄ፣ ልብ በይ። እሷ ፊቴን እያየች ነበር። በየቀኑ ታየዋለች፤ እሷም አመነች። ይባስ ብሎ ከሱቋ ፊት የሚቆመው ባጃጅ የፊት ብረቱ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። ነጂውን "ይህ ምንድን ነው?" አልኩት። "ወግ ነው አባባ፤ እርስዎ ሽማግሌ ሆነው አያውቁትም?" አለኝ። ሕይወቴን ሙሉ ሰው አስደንግጬ ኖሬአለሁ፤ እኔ የምደነግጥበት ቀን እንዲህ በባጃጅ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ትርፊት በሯ ላይ እንደናንተው ያለ ማስታወቂያ እንድትለጥፍ ነገርኳት። ጥላው አረፈበትና አይነበብም።

የጠየቅሽኝን መለያ አስቤበታለሁ። ቀልድ መተው አልችልም፤ ከተውኩ ወልደ ማርያም ሞትኩ ብሎ ድንኳን ይተክላል። ነገር ግን ከእንግዲህ እውነት የሆነውን ከሥሩ አሰምርበታለሁ። መስመር የሌለበትን እንደፈለግሽ ሳቂበት። መስመር ያለበትን ለልጆችሽ ንገሪው። ሌላ የምታመሳክሪው የለሽምና፣ እኔም ሌላ የምነግረው የለኝምና።

እንጀምር። ቅቤ በሰው ራስ ላይ ነው እንጂ በብረት ላይ አይደለም። አስምሬበታለሁ። ገነቴ ስትዳር ቅቤውን ራሷ ላይ ያደረገችላት እናታችን ናት፤ ቅቤው ቀልጦ በግንባሯ ሲወርድ ገነቴ "ዓይኔ ገባ" ብላ አለቀሰች፤ ዓይኗ አልገባም ነበር። አስምሬበታለሁ። ሄደሽ ስትነግሪያቸው ልቤ በፍርሃት ሞልቶ ነበር፤ አሁን በሌላ ነገር ነው የሞላው። እሱንም አስምሬበታለሁ። ለአዲሱ ብሌድ ሌላ ስም ፈልጊለት፤ ሽብሩ የሚባል ነገር ሁሉ አስቸጋሪ ነው። ይህን አላሰመርኩበትም፣ አንቺ እንደፈቀድሽ።

አንድ ቀርቶኛል። አውቶቡስሽ በተነሳበት ቀን ጉልበቴ ደህና ነበር። ትርፊት ሱቅ ጥግ፣ ከግድግዳው ኋላ ቆሜ፣ ያልተዘጋውን መስኮትሽን አይ ነበር።

ይህን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

አያትሽ ሽብሩ